ጭቃውን የተካፈሉት ወፎች

በስምጥ ሸለቆ፣ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ሲወርዱ፣ አቢጃታ የሚባል ሐይቅ አለ። ጎረቤቱ ሻላ 266 ሜትር ወደ ታች የሚዘልቅ ጥልቅ ነው። አቢጃታ ግን በደህናው ዘመኑ እንኳ ጥልቀቱ 14 ሜትር ያህል ብቻ፣ ዳርቻው ለጥ ያለ፣ ውሃው ጨዋማ፣ ጭቃው የለሰለሰ ሐይቅ ነበር። ይህ ተረት የዚያ ጭቃ ተረት ነው።

ጭቃው ባለቤት አልነበረውም፤ ሕግ ግን ነበረው። ሕጉን የደነገገ ጉባኤ የለም፤ እያንዳንዱ ወፍ ከእንቁላል ሲወጣ በምንቃሩ ይዞት ይወጣል። ሯጪት የሐይቁ ዳር ተወላጅ ናት። ምንቃሯ አጭር፣ ዓይኗ ትልቅ ነው፤ ትሮጣለች፣ ቀጥ ትላለች፣ በጭቃው ፊት ላይ የሚንቀሳቀሰውን ለቀም ታደርጋለች። ጢኒጥ ክብደቷ 30 ግራም እንኳ የማይሞላ እንግዳ ናት። ዛፍ ከማይበቅልበት ከሰሜን ሳይቤሪያ ተነስታ መስከረም ላይ ትደርስና ሁለት ሴንቲ ሜትር በማትሞላ ምንቃሯ የጭቃውን ገጽ ጠቅ ጠቅ ስታደርግ ትውላለች። ወስፊት ወደ ላይ የተቆለመመ ምንቃሯን ስስ ውሃ ውስጥ ነክራ ግራና ቀኝ ትጠርጋለች። ጦሪት ቀጥ ባለው ረጅም ምንቃሯ እስከ ዓይኗ ድረስ ጭቃው ውስጥ ትሰምጣለች። ከሁሉም በታች፣ ሌላው እስከማይደርስበት ድረስ የምትወርደው ማጭዲት ናት።

ስለ ማጭዲት ምንቃር ጥቂት ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እሱ ላይ ነውና። እንደ ማጭድ ወደ ታች የታጠፈ ነው። የሴቷ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ የወንዱ ያጥራል፤ ስለዚህ ባልና ሚስት እንኳ በአንድ ጉድጓድ አይጣሉም። እሱ ወደ ሣር ሜዳው ያዘነብላል፣ እሷ ወደ ጭቃው። ምንቃሩ እንደ ተቀበረ፣ ሥሩ ሳይከፈት ጫፉ ብቻውን ተከፍቶ መንከስ ይችላል። ጫፉ ደግሞ ነርቭ የሞላበት ነው፤ ትል ጨለማ ውስጥ ሲላወስ እሷ ከላይ ሆና ታውቀዋለች። ብዙ ሰው ይህችን ወፍ ሲያይ ምንቃሯ ከአካሏ ጋር አይመጣጠንም ብሎ ይገረማል። እኔ ግን በፍጥረት ውስጥ ከዚህ የበለጠ ጨዋ መሣሪያ አላውቅም። ከላይ ያለውን ለባለቤቱ ትቶ ከታች ያለውን ብቻ ያነሳል።

እናም በአንድ ክንድ ጭቃ ላይ አምስት ወፍ ቆሞ አንዱ የሌላውን ጉርሻ ሳይነካ ይውል ነበር። ሌላም ጥቅም ነበረው። ረጃጅሞቹ አንገታቸውን ቀና ሲያደርጉ ሩቅ ያያሉ፤ ጭላት ብቅ ሲል የማጭዲት ጩኸት ዳርቻውን ሁሉ ያስነሳዋል። ጢኒጥ ቀኑን ሙሉ አቀርቅራ መልቀም የቻለችው በዚህ ምክንያት ነው። ትልቅ ጎረቤት ማለት ለእሷ ይህ ነበር።

አንድ ዓመት ወፎቹ ሲመለሱ ውሃው ፈቀቅ ብሎ አገኙት። መጀመሪያ ደስ አላቸው። ውሃው ሲሸሽ ጭቃው ሰፋ፤ ጭቃው ሲሰፋ በረከት የተጨመረ መሰለ። በሚቀጥለው ዓመት ውሃው ይበልጥ ሸሸ፤ ወደ ኋላ የቀረውን ጭቃም ፀሐይ መታውና ነጭ ሶዳ ለብሶ ደረቀ። በሦስተኛው ዓመት ከላይ ዝንቡ ሳሳ፣ ከታች ትሉ ራቀ፤ እርጥብ ሆኖ የቀረው በውሃው ጠርዝ ያለ ጠባብ ሰቅ ብቻ ሆነ። ድሮ ወፍ የሚያየው ጭቃውን ነበር። አሁን የጎረቤቱን ምንቃር ማየት ጀመረ።

"ዝንብ የጠፋው እነዚህ ረጃጅሞች ትሉን ከሥር እየነቀሉ ስለጨረሱት ነው" አለች ሯጪት። እውነት አልነበረም። ማጭዲት የምታወጣው ትልና ሯጪት የምትለቅመው ዝንብ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተገናኝተው አያውቁም። ጦሪት በፋንታዋ "ጥቃቅኖቹ ናቸው በብዛታቸው ጭቃውን ረግጠው ያደረቁት" አለች። ወስፊት ሁሉንም ውሃ በማደፍረስ ከሰሰች። የተራበ ሁሉ የሚቀርበውን ከሳሽ ያምናል፤ በዚያ ወቅት አቢጃታ ዳር ያልተከሰሰ ወፍ አልነበረም።

አንድ ማለዳ ግራር ሥር ስብሰባ ተጠራ። ዳኛ ያስፈልግ ነበርና አባ ኮዳ የተባለው ወፍ ተመረጠ። ራሰ በራ፣ ቁመተ ረጅም፣ ዝምተኛ ነው፤ ኮዳው ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። "ከጭቃው የሚበላው የለውም፤ ስለዚህ አያዳላም" ተባለ። አባ ኮዳ የሚበላው የሞተውን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በዚያ ቀን ግን ያን ያስታወሰ አልነበረም።

"ተናገሩ ልጆቼ" አለ።

ሯጪት ቀድማ ተነሳች። "አባታችን፣ እኔ የተፈለፈልኩት እዚህ ነው፤ እናቴም እዚሁ ነው። ክረምት ከበጋ ይህን ጭቃ ጥዬ ሄጄ አላውቅም። እነዚህ ግን መስከረም መጥተው ሚያዝያ ይሄዳሉ። እኛ ያቆየነውን በልተው፣ ወፍረው፣ ልጅ የሚያሳድጉት ሌላ አገር ነው። መጤ ከባለአገር እኩል ይብላ የሚል ሕግ ከየት መጣ?"

ይህን ያናገራት ክፋት አልነበረም። ሁለት ጫጩቶቿ በዚያው ሳምንት በረሃብ ሞተውባት ነበር። የመረረው ሰው የሚናገረውን ሁሉ ክፋት ማለት አይገባም፤ ወፍም እንዲሁ ነው።

ማጭዲት ቀስ ብላ መለሰች። "እህቴ፣ ሂያጅ መሆኔ እውነት ነው። ሩሲያ ሣር ሜዳ ላይ ስፈለፈል ምንቃሬ አጭር ነበር፤ አድጎ የጨረሰው እዚህ ጭቃ ውስጥ ነው። አገርሽ የቱ ነው ብትዪኝ መልስ የለኝም፤ ሁለቱም አብልተውኛል። ግን አንድ ነገር ስሙኝ። ድሮ ምንቃሬን ስሰድ በሰሜን በኩል፣ ቡልቡላ ወንዝ ከሚገባበት አቅጣጫ፣ ጨው የሌለበት ውሃ በጭቃው ሥር ሲመጣ ይሰማኝ ነበር። አሁን አይመጣም። እኛ የምንጣላው ስለ ጭቃ ነው፤ የጎደለው ግን ወንዙ ነው።"

"ስለ ወንዝ የጠየቀሽ የለም፤ የዛሬው ጉዳይ ጭቃ ነው" አለች ጦሪት።

አባ ኮዳ ራሱን ነቀነቀ። "ወንዙ ሩቅ ነው፣ ጭቃው ቅርብ ነው። ከቅርቡ እንጀምር።"

አነጋገሩ የብልህ ይመስል ነበር። ጥፋቱን የጀመረው ግን ያ ቃል ነው።

ፍርዱ ተሰጠ። የሁሉም ምንቃር ይለካ፤ ጭቃውም ይከፈል፤ ወሰኑ ላይ የሶዳ ድንጋይ ይተከል። "ረጅም ምንቃር ያላት ጠንካራ መሬት መውጋት ትችላለችና ከደረቁ በኩል ትውሰድ፤ አጭሯ ከእርጥቡ።" ሲሰሙት ፍትሕ ነው። ማጭዲት የደረሳት ነጭ ቅርፊት የለበሰው መሬት ነበር። ጢኒጥ እንግዳም ናት፣ አጭርም ናት፤ በየትኛው ትመደብ የሚለው አከራከረና በሁለት ወሰን መካከል የቀረ ቁራጭ ተሰጣት።

የሆነውን ልንገራችሁ። በሯጪት ክፍል፣ ከእግሯ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ የተረፈ ትል ነበር፤ ማውጣት የምትችለው ግን ከድንጋዩ ማዶ ቆማ ታያለች። በጦሪት ክፍል ትንኙ ፊቷ ላይ ይርመሰመሳል፤ የሚለቅመው የለም። ሁሉም የራሱን ይዞ ግማሹን ጥሎ መብላት ጀመረ። ጭላት የመጣ ዕለት ማጭዲት ጮኸች፤ ግን የቆመችው ከደረቁ ጥግ ስለነበር ድምጿ እርጥቡ ዘንድ የደረሰው ዘግይቶ ነው። ከእርጥቡ ወፎች አንዳንዶቹ ወደቁ። አባ ኮዳ በቀስታ እየተራመደ ለቀማቸው፤ በዚያ ወር ወፈረ።

ድንጋይ ደግሞ አንዴ ከተተከለ ይወልዳል። ጦሪቶች በምዕራብ መንገድ የመጡና በምሥራቅ መንገድ የመጡ ተባብለው ክፍላቸውን ለሁለት ከፈሉ። ሯጪቶች ከግራሩ ወዲህና ከግራሩ ወዲያ የተፈለፈሉ ተባባሉ። በየቀኑ አባ ኮዳ ዘንድ አቤቱታ ይቀርባል፤ በየቀኑም አዲስ ድንጋይ ይተከላል። ውሃው ደግሞ በየቀኑ ይሸሻል፤ ባለፈው ወር እርጥቡን መሬት ለመለየት የተተከለ ድንጋይ በዚህ ወር ደረቁን ከደረቁ የሚለይ ሆነ።

አንድ ሌሊት ጢኒጥ ወሰኑን ተሻግራ ማጭዲት ዘንድ ሄደች።

"እትዬ ማጭዲት፣ ለምን አትሄጂም? ክንፍ አለሽ። ዓለም ላይ ስንት ጭቃ አለ።"

"ስለ አክስቴ ልጅ ስለ ቀጭኗ ሰምተሻል?" አለች ማጭዲት።

"አልሰማሁም።"

"እኔን ትመስል ነበር፤ ከእኔ ታንሳለች፣ ምንቃሯም ከእኔ ይቀጥናል። ጎጆዋን ሰው አግኝቶ የመዘገበው በምዕራብ ሳይቤሪያ፣ ታራ በምትባል ከተማ አካባቢ ብቻ ነው፤ ያም ከ1909 እስከ 1925 ባሉት ዓመታት ውስጥ። ከዚያ እየተነሳች አውሮፓን አቋርጣ ሜዲትራኒያን ዳርና ሰሜን አፍሪካ ትከርም ነበር። አንዱ ጋ ረግረጉ ደረቀባት፣ አንዱ ጋ ሜዳው ታረሰባት፣ አንዱ ጋ ተተኮሰባት። በየደረሰችበት ያሉት 'እዚህ ባትመቻት ሌላ ቦታ አላት' ይሉ ነበር። ሌላው ቦታም ያንኑ ይል ነበር። በእርግጠኝነት ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው የካቲት 1995 ሞሮኮ ውስጥ፣ መርጃ ዘርጋ በሚባል ባሕር ዳር ባለ ረግረግ ነው። ሰዎች ሠላሳ ዓመት ያህል ፈለጓት። በ2025 ከዓለም ጠፍታለች ብለው መዘገቧት።" (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ተረት አይደሉም፣ የሆነ ነገር ነው።)

ጢኒጥ ዝም አለች።

"ለምን አትሄጂም ነው ያልሽኝ? ቀጭኗም ሁልጊዜ የምትሄድበት ነበራት።"

ይህን ጊዜ ከጨለማው ውስጥ ሌላ ድምፅ መጣ። አሮጊቷ ፔሊካን ነበረች፤ ለአንድ ሌሊት ዕረፍት ወርዳ ሁሉንም ሰምታለች።

"ጎጆዬ ሻላ ደሴት ላይ ነበር" አለች። "ሻላ ለጎጆ እንጂ ለዓሣ አይሆንም። ልጆቼን ያሳደግሁት ከአቢጃታ በማመላልሰው ቆሮሶ ነው። ውሃው አንሶ ጨው ሲበረታ ቆሮሶው አለቀ። ያኔ በየዳሩ ዞሬ ነገርኳችሁ። 'የዓሣ ነገር የፔሊካን ነገር ነው' አላችሁኝ። አንቺም ማጭዲት፣ ከጭቃው ቀና ብለሽ አላየሽኝም።"

ማጭዲት ለረጅም ጊዜ መልስ አልሰጠችም። ኋላ "እውነት ነው እማማ፣ አላየሁሽም" አለች። "የእኔ ትል ገና አልጎደለም ነበር።"

"ሰዎች ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ይላሉ። ሥሩን ማየት የሚፈልግ ካለ ነገ ማለዳ ወንዙን ይዤ እወጣለሁ።"

አብራት የወጣችው ጢኒጥ ናት፤ ከሁሉም የምታንሰው። ማጭዲት ጭላት እንዳይመጣ ልትጠብቅ ቀረች።

ቡልቡላ ከላይ ሲያዩት ቀጥኖ ከድንጋይ ድንጋይ የሚዘል ክር ሆኗል። ወደ ላይ ተከትለውት ደምበል የሚባለው የዝዋይ ሐይቅ ደረሱ። ዳር ዳሩን ፓምፕ ይጮሃል። ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ጎመኑ እስከ ዓይን ድረስ ተዘርግቷል። ከከተማው አጠገብ ደግሞ ነጭ ፕላስቲክ የለበሱ የአበባ ቤቶች ተደርድረዋል፤ ውስጣቸው ጽጌረዳ አለ። ጽጌረዳው በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይሄዳል፤ የጠጣውን ውሃ ይዞ ወፎቹ በሚበሩበት አቅጣጫ ይበራል። ከሐይቁ ወዲያ መቂ ከጉራጌ ተራሮች፣ ካታር ከአርሲ ተራሮች ይወርዳሉ፤ እነሱም ደምበል ከመድረሳቸው በፊት በየመንገዱ በቦይ ይቀዳሉ።

ጢኒጥ ጠላት ፍለጋ ነበር የሄደችው። ያገኘችው ግን ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ቲማቲም የሚያጠጣ ገበሬ ነው፤ ልጆቹ መስኖው ዳር ተቀምጠው ዳቦ ይበላሉ። ገበሬው ከእሱ በላይ ባለው ማሳ ውሃ ወሰደብኝ እያለ ይማረራል። ከእሱ በታች ማን እንዳለ ግን አያውቅም፤ አቢጃታ የሚባል ስም በአእምሮው የለም። ጢኒጥ ገመድ ተዘርግቶ የተከፋፈለውን ማሳ ከላይ ስታይ የሶዳ ድንጋዮቹ ትዝ አሏት። ይህን ለፔሊካኗ ነገረቻት፤ ፔሊካኗም "አዎ" ከማለት በቀር የጨመረችው የለም።

ሲመለሱ አቢጃታ ዳር ያለውን የሶዳ ፋብሪካም አዩ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ (ይህም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የሐይቁ ውሃ በፓምፕ እየተሳበ ገንዳ ላይ ሲሰጣ ቆይቷል፤ ፀሐይ ውሃውን ትወስድና ሶዳው ይቀራል። ላይኛው እንዳይገባ ያስቀራል፣ ታችኛው ከገባው ይቀዳል። አቢጃታ ደግሞ መጨረሻ ነው፤ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ከላይ የጎደለው ሁሉ የሚታየው እሱ ላይ ነው።

ስብሰባው እንደገና ተቀመጠ። ጢኒጥ ያየችውን ሁሉ ተናገረች። ድምጿ ቀጭን ስለነበር ለመስማት ዝም ማለት ነበረባቸው፤ ብዙዎቹ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አሉ።

"ጭቃችንን የወሰደው ምንቃር አይደለም" አለች በመጨረሻ።

ሯጪት ተነሳች። "ይሁን፣ አምኛለሁ። ታዲያ ምን ልናደርግ ነው? ፓምፕ የምንዘጋ እኛ ነን? እኛ ወፎች ነን።"

ሁሉም ወደ ማጭዲት ዞሩ። "አላውቅም" አለች ማጭዲት። "እስከዚያ ድረስ ግን ድንጋዩ ውሃ አያመጣም። ከእግርሽ ሥር ትል አለ፤ አንቺ አትደርሺበትም። እኔ ካለሁበት ትንኝ አለ፤ እኔ አልለቅመውም። ጭላትም አለ።"

ሯጪት ወደ ወሰኗ ሄዳ አንዱን ድንጋይ በደረቷ ገፋችው። ሁለተኛውን ጢኒጥ ረዳቻት፤ ጉልበቷ ለእርዳታ የሚበቃ አልነበረም፣ ግን ገፋች። ወስፊት ክፍሏን ከፈተች። ጦሪት አልከፈተችም፤ "መጀመሪያ የምዕራቦቹ ያንሱ" አለች፤ የምዕራቦቹ ደግሞ "መጀመሪያ የምሥራቆቹ" አሉ። አባ ኮዳ ጉዳዩ ውስብስብ ስለሆነ በቀጠሮ ይታያል ብሎ ስብሰባውን በተነ። በተከፈተው ክፍል በዚያ ዓመት ጫጩት አደገ። በተዘጋው ክፍል ክርክሩ እስከ ሚያዝያ ቀጠለ፤ ሚያዝያ ላይ መንገደኞቹ ሲነሱ ግማሾቹ ለመንገድ የሚበቃ ስብ አልያዙም ነበር።

የወፎቹን ተረት እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለው የወፍ ሥራ አይደለምና። አቢጃታ ከሃምሳ ዓመት በፊት ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ውሃ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግማሹን ያህል አጥቷል። ረጅም ምንቃር ያላቸው እንግዶች ዛሬም መስከረም ሲጠባ ይመጣሉ። ወደ ሐዋሳ ስትወርዱ ቡልቡላ ላይ መኪናችሁን አቁሙና ወንዙን እዩት፤ ልጆቻችሁንም አሳዩ። ከዝዋይና ከወንዞቹ ውሃ እንዲቀዳ ፈቃድ የምትሰጡ ደግሞ፣ ለእርሻው፣ ለአበባውና ለፋብሪካው የሚሰጠውን ስትለኩ፣ አቢጃታ እንዲደርስ የሚለቀቀውንም በቁጥር ጻፉና ለሕዝብ አሳውቁ።